የሴቶች ጥናት ለማን ነው?

ርእሰ አንቀጽ

ባለፈው ወር በአዳራሻችን በተደረገው ውይይት ላይ፣ «የሴቶች ጥናት በማይነርነት ይሰጥ» የሚለው ሐሳብ በተነበበ ጊዜ አንድ ወንድማችን ከኋላ ረድፍ ተነሥቶ፣ «የወንዶች ጥናትስ መቼ ነው የሚከፈተው?» ሲል ጠየቀ። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ሰብሳቢውም ሳቀ። እውነቱን ለመናገር እኛም ሳቅን። ሐሳቡን ያቀረበችው እኅታችን ግን የያዘችውን ወረቀት አጥፋ ተቀመጠች። ያዘጋጀችውን ግማሹን እንኳ ሳታነብ ስብሰባው ወደ ሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ።

ጉዳዩ በሳቅ የሚታለፍ አይደለም። ሐሳቡ በጽሑፍ ለዩኒቨርሲቲያችን ሴኔት ቀርቧል፤ የተማሪዎች ማኅበርም አስተያየቱን እንዲሰጥ ተጠይቋል። ስለዚህ በዚያ ምሽት መስጠት የነበረብንን መልስ ዛሬ በዚህ ገጽ ለመስጠት እንገደዳለን። አቋማችንን አስቀድመን እንናገር፤ ሐሳቡን እንደግፋለን። በምን ምክንያትና በምን ሁኔታ እንደምንደግፈው ግን ለመምህሮቻችንም ለጓደኞቻችንም ማስረዳት ይገባናል።

በመጀመሪያ ማይነር ምን እንደ ሆነ እንስማማ። አንድ ተማሪ ዋና ትምህርቱን ሕግ፣ ግብርና፣ ኢኮኖሚክስ ወይም ሌላ አድርጎ ሲማር፣ ከዚያው ጎን ለጎን አምስት ወይም ስድስት ኮርስ የሚወስድበት ተጓዳኝ መስክ ነው። ዲግሪው የሚሰጠው በዋናው ትምህርት ነው። እንግዲህ በየካፍቴሪያው የምንሰማው፣ «በሴቶች ጥናት ተመርቆ ምን ሥራ ይገኛል?» የሚለው ጥያቄ ከመነሻው የተሳሳተ ነው። የሕግ ተማሪዋ ጠበቃ፣ የግብርናው ተማሪ የግብርና ባለሙያ ሆነው ይወጣሉ። ልዩነቱ ወደ ሥራ ሲሰማሩ ሦስት ጥያቄዎችን ይዘው መሄዳቸው ነው። ሥራውን የሚሠራው ማን ነው? የሚወስነው ማን ነው? የተጻፈውስ በማን ስም ነው? ጥያቄዎቹ ቀላል ይመስላሉ። ሳይጠየቁ በመቅረታቸው የደረሰውን ግን ከየትምህርት ክፍላችን ምሳሌ እያወጣን እንመልከት።

ከሕግ እንጀምር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 635 ባል የቤተሰቡ ራስ መሆኑንና ሚስት በሕግ በተፈቀደው ነገር ሁሉ ልትታዘዘው እንደሚገባ ይደነግግ ነበር። በቁጥር 581 ደግሞ ለጋብቻ ወንዱ 18፣ ሴቷ ግን 15 ዓመት ከሞላት ይበቃ ነበር። ከዚያ ቀድሞ በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ልጃገረድን የጠለፈ ሰው ከእርስዋ ጋር በሕግ የጸና ጋብቻ ከፈጸመ ከክስ የሚድንበትን በር ክፍት ትቶለት ነበር። እነዚህን ሕጎች ያረቀቁት ያልተማሩ ሰዎች አልነበሩም፤ የፍትሐ ብሔሩን ሕግ ያረቀቁት ሬኔ ዳቪድ በዓለም የታወቁ ፈረንሳዊ የሕግ ሊቅ ነበሩ። እንግዲህ ሊቅነት ብቻውን እነዚያን ሦስት ጥያቄዎች አያስጠይቅም ማለት ነው።

ሕጉ የተለወጠው ከአርባ ዓመት በኋላ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 የሴቶችን እኩልነት ደነገገ። የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና ሌሎችም ሳይታክቱ ተከራከሩ፤ በመጨረሻም የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 ወጣ። የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ሆነ፤ የቤተሰቡ አስተዳደርም የሁለቱ የጋራ ሆነ። ጠለፋን በጋብቻ የሚያጥበው ድንጋጌም ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በጸናው የወንጀል ሕግ ቀረ። ዛሬ ከሕግ ተማሪዎቻችን መካከል እነዚህን አንቀጾች በቃላቸው የሚወጡ ብዙ ናቸው። አንቀጾቹ ስለ ምን እንደ ተለወጡ፣ ማን እንደ ተከራከረላቸው፣ በገጠር ሽምግልና ላይም ስለ ምን እንደሚዘነጉ ግን በየትኛው ኮርስ ይማራሉ?

ወደ ግብርና እንለፍ። «ገበሬ» በተባለ ቁጥር በሐሳባችን የሚታየን ሞፈር የጨበጠ ወንድ ነው። ዴንማርካዊቷ የኢኮኖሚ ሊቅ ኤስተር ቦዘሩፕ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ መሬት በበሬ በሚታረስበት አገር እርሻ ይበልጡን የወንድ ሥራ ሲሆን፣ በእጅ መሣሪያ በሚቆፈርበት አገር ግን የሴቶች ድርሻ ከፍ ያለ መሆኑን አስረድተዋል። በአገራችን የእርሻው ዓይነት ብዙ ነው። በደጋው በሬ የሚጠምደው ወንዱ ቢሆንም፣ አረሙ፣ አጨዳውና የእህሉ አያያዝ ያለ ሴቷ እጅ አይሆንም። በጉራጌና በሲዳማ ደግሞ እንሰቱን የሚፍቁት፣ ቆጮውን የሚያብላሉትና የሚጋግሩት ሴቶች ናቸው። የእንሰትን ዝርያ አሻሽላለሁ የሚል ባለሙያ አባወራውን ብቻ አነጋግሮ ቢመለስ፣ የመጠየቅ መብት የነበራቸውን ከማስቀረቱም በላይ ሥራውን ያበላሻል። ምክንያቱም የቱ እንሰት ለመፋቅ እንደሚያስቸግር የምታውቀው የምትፍቀዋ ናት።

ከዚሁ ጋር የመሬት ይዞታ ደብተርን ነገር እናንሣ። በ1990ዎቹ ዓመታት የገጠር መሬት ምዝገባ ሲጀመር በትግራይ ደብተሩ የሚጻፈው በቤተሰቡ ራስ ስም ነበር። በአማራ ክልል ግን የባልና የሚስት ስም ከነፎቶግራፋቸው እንዲገባ ተደረገ። አንዲት ጉርድ ፎቶግራፍ ምን ታደርጋለች የሚል ይኖር ይሆናል። ፍቺ በመጣ ጊዜ፣ ወይም ባል ሞቶ ዘመዶቹ «መሬቱ የወንድማችን ነው» ብለው በመጡ ጊዜ፣ ሴቲቱ በዳኛ ፊት ይዛ የምትቆመው ያችኑ ፎቶግራፍ ነው። የደብተሩን ቅጽ ያዘጋጀው ሰው «በማን ስም ይጻፍ?» ብሎ በመጠየቁ ወይም ባለመጠየቁ የብዙ ቤተሰብ ዕድል ተወስኗል። ነገ እንዲህ ያሉ ቅጾችን የምናዘጋጀው እኛ ነን።

ሦስተኛው ምሳሌ ከሕክምና ነው። ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አገራችን መጥተው፣ በምጥ ብዙ ቀን በመቆየት የሚመጣውን የፊስቱላ ጉዳት ሲያክሙ ኖሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1974 በአዲስ አበባ ለዚሁ ሕመም የተለየ ሆስፒታል አቋቋሙ። የሕክምና ተማሪ ጉዳቱ በቀዶ ጥገና እንዴት እንደሚጠገን ይማራል። ይህ ታላቅ ዕውቀት ነው። ነገር ግን ሦስት ቀን ያማጠችው ሴት ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ ብሎ የሚፈቅደው ማን ነበር? ተሸካሚ የሚጠራው፣ የመኪናውን ገንዘብ ከኪሱ የሚያወጣው ማን ነበር? ልጅቱ የተዳረችውስ በስንት ዓመቷ ነው? እነዚህ በቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ መልስ የሚያገኙ ጥያቄዎች አይደሉም። መልሳቸው ካልተፈለገ ግን አንዷ ድና ስትወጣ ሌላዋ በዚያው በር ትገባለች።

በ1990ዎቹ አጋማሽ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር በየቀበሌው እንዲሠሩ የተመለመሉት ሠራተኞች ሁሉም ማለት ይቻላል ሴቶች ነበሩ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ቁጥራቸው ከ30,000 በላይ ደረሰ። ማጀት ድረስ ዘልቃ ከእናቲቱ ጋር የምትነጋገረው ሴት መሆኗን ያሰበ ሰው ነበረ ማለት ነው። በዚያው ቀበሌ ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ የሚያስተምረው የልማት ሠራተኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ነው፤ የሚፈልገውም አባወራውን ነው። በአንድ ቀበሌ ውስጥ ጤና ጥያቄውን ጠየቀ፤ ግብርና ግን ገና አልጠየቀም።

አሁን «ይህ ከውጭ የመጣ ነገር ነው» ወደሚለው ተቃውሞ እንምጣ። በአሜሪካ በዛሬው ስሙ ሳንዲያጎ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በሚባለው ኮሌጅ የሴቶች ጥናት ፕሮግራም የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። እዚያም ጥያቄው ሲነሣ ተማሪዎችና መምህራን አብረው ታግለዋል። የመስኩ አነሣሥ ይህ መሆኑን አንክድም። ግን ነገሩ አሜሪካ ላይ አልቀረም። በኡጋንዳ የማከረሬ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ጥናት ክፍል እ.ኤ.አ. በ1991 ከፈተ። በጎረቤታችን በሱዳን ባቢከር በድሪ እ.ኤ.አ. በ1907 በሩፋዓ ከተማ የከፈቱት የሴት ልጆች ትምህርት ቤት ዛሬ አሕፋድ ለተባለው የሴቶች ዩኒቨርሲቲ መሠረት ሆኗል። በአገራችንም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሥርዓተ ጾታ ጥናት የማስተርስ ትምህርት ይሰጣል። ስለዚህ የምንጠይቀው ያልታየና ያልተሰማ ነገር አይደለም። ለጥቂቶች በላይኛው ደረጃ የሚሰጠው ዕውቀት ለብዙዎች በመጀመሪያው ዲግሪ ጊዜ በመጠኑ ይድረስ ነው የምንለው። ደግሞስ ከውጭ መምጣት ወንጀል ከሆነ ሴሚስተሩም፣ ዲግሪውም፣ የምንለብሰው ጋዋንም ከየት መጣ?

የጉዳዩ ሥር ግን ከአገራችን ውጭ አይደለም። በ17ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት የመንግሥት ሃይማኖት ባደረጉ ጊዜ ከተቃወሙት መካከል ወለተ ጴጥሮስ የምትባል የመኳንንት ወገን የሆነች መነኵሲት ነበረች። ቤቷንና ባሏን ትታ ወጣች፤ በንጉሡ ፊት ቀረበች፤ ተጋዘች፤ በኋላም በጣና ዙሪያ ብዙ ሰዎች የተሰበሰቡባቸውን ማኅበራት አስተዳደረች። በሞተች በ30 ዓመቷ፣ እ.ኤ.አ. በ1672፣ ገላውዴዎስ የተባለ መነኵሴ ገድሏን በግዕዝ ጻፈ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ተተርጕሞ እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል፤ በውጭ ያሉ ተማሪዎችም ያነቡታል። እኛ ግን ሁለተኛ ደረጃን ስንጨርስ የሱስንዮስን ዘመን ለፈተና አጥንተናል፤ ስሟን ግን ከመምህሮቻችን አንደበት አልሰማንም። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም እንዲሁ ናቸው። በፋሺስት ወረራ ጊዜ ከአርበኞች ጋር የቆሙ፣ በኢጣልያ ታስረው የተጋዙ፣ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን የመሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1957 በተደረገው ምርጫ ፓርላማ በመግባት የመጀመሪያዋ ሴት የሆኑ ደራሲ ናቸው። ከእኛ መካከል ይህን የሚያውቅ ስንት ነው? ይህን አለማወቅ የዕውቀት ጉድለት ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የሚቋቋመውም የዕውቀት ጉድለትን ለማረም ነው።

«አገሪቱ ከዚህ የሚበልጥ ችግር አለባት፤ በመጀመሪያ ዳቦና ሰላም» የሚሉም አሉ። የዳቦውን ነገር እኛም እናስቀድማለን። ግን ዳቦው ቤት ውስጥ እስኪደርስ ውሃውን የቀዳችው፣ እንጨቱን የተሸከመችው፣ እህሉን ያበጠረችው ማን እንደ ሆነች ከእያንዳንዳችን ቤት ጠይቀን እናውቃለን። ስለ ዳቦ የሚመራመር ሰው ይህን ድካም ከሒሳቡ ካወጣው፣ የሒሳቡ ድምር ትክክል አይሆንም።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው ተቃውሞ የመጣው ከወንዶች አይደለም። አንዲት የሁለተኛ ዓመት የኢኮኖሚክስ ተማሪ እንዲህ አለችን፤ «እኔ ይህን ማይነር ብወስድ ሒሳብ ፈርታ ነው ይሉኛል። ወንድ ቢወስደው ደግሞ ይስቁበታል። ታዲያ ለማን ነው የምትከፍቱት?» ፍርሃቷ በከንቱ አይደለም። ኮርሶቹ ነጥብ የሚታደልባቸው ከሆኑ፣ ወይም ወንድ ዝር የማይልባቸው ከሆኑ፣ ከመጥቀም ይልቅ ይጎዳሉ። «ጄንደር» የሚለው ቃልም በየአውደ ጥናቱ፣ ከሻይና ከውሎ አበል ጋር፣ በሪፖርት መጨረሻ የሚለጠፍ ጌጥ ሲሆን አይተናል። የምንደግፈው ማይነር እንደዚህ የሚሆን ከሆነ ባይከፈት ይሻላል።

እዚህ ላይ ጣታችንን ወደ ራሳችን እንድንመልስ ኅሊናችን ያስገድደናል። የዚህ ጋዜጣ አዘጋጅ ኮሚቴ ሰባት አባላት አሉት። ስድስታችን ወንዶች ነን። ሰባተኛዋ እኅታችን ጽሑፎቻችንን የምትተይብልን ናት። እኛ ጽፈን ከሰጠናት በኋላ ወደ መኝታችን ስንሄድ እርስዋ እስከ እኩለ ሌሊት ትመታለች፤ ከዚያም መብራት በሌለው መንገድ ወደ ሴቶች መኝታ ቤት ብቻዋን ትሄዳለች። እስከ ዛሬ ባወጣናቸው ቁጥሮች ርእሰ አንቀጽ ጽፊ ብለን ጠይቀናት አናውቅም። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት ያረጀ ነው እያልን በንግግራችን እንነቅፈዋለን፤ በሥራችን ግን ስንፈጽመው ኖረናል። ሥራውን የሚሠራው ማን ነው? የሚወስነው ማን ነው? በማን ስም ተጻፈ? ሦስቱን ጥያቄዎች በራሳችን ላይ ስናነሣቸው መልሱ አሳፈረን። ይህንም ዐረፍተ ነገር የተየበችው እርስዋው ናት።

ስለ ዩኒቨርሲቲ ግቢያችንም እንዲሁ። በየዓመቱ መስከረም ላይ አብረውን ከተመዘገቡት እኅቶቻችን መካከል ብዙዎቹን በሁለተኛው ሴሚስተር አናያቸውም። «ትምህርቱ ከበዳቸው» ብለን እናልፋለን። ቤተ መጻሕፍቱ በማታ ሲዘጋ ማን ቀድሞ ለመውጣት እንደሚገደድ፣ በጥናት ቡድን ውስጥ ማን እንደሚጋበዝ፣ ከመምህር ቢሮ ለብቻ መግባት ማንን እንደሚያስፈራ የመረመረ የለም። ይህ በአሉባልታ ሳይሆን በጥናት ሊታወቅ የሚገባው ነው። ማይነሩ ቢከፈት የመጀመሪያው የምርምር መስክ ይኸው የራሳችን ግቢ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ለሴኔቱ የምናቀርበው አስተያየት ከዚህ የሚከተለው ነው።

፩ኛ. ማይነሩ ለወንዶችም ለሴቶችም እኩል ክፍት ይሁን፤ ለመመዝገብ ከየትኛውም የትምህርት ክፍል መምጣት ይቻል።

፪ኛ. ኮርሶቹን አንድ ክፍል ብቻ ሳይሆን የሕግ፣ የታሪክ፣ የኢኮኖሚክስ፣ የጤናና የግብርና መምህራን ተካፍለው ያስተምሩ። እንዲህ ከሆነ ብዙ አዲስ በጀት አይጠይቅም፤ የየክፍሉም ተማሪ ከገዛ ሙያው ጋር ሊያገናኘው ይችላል።

፫ኛ. የነጥብ አሰጣጡ እንደ ማንኛውም ኮርስ ጥብቅ ይሁን። በምሕረት የተሰጠ «ኤ» ለእኅቶቻችን ስድብ ነው።

፬ኛ. እያንዳንዱ ተማሪ በክረምት ወደ ትውልድ ስፍራው ሲመለስ፣ የአንዲት ሴትን የአንድ ሳምንት ሥራ በሰዓት ቆጥሮ፣ የቤቱንም ገቢና ውሳኔ መርምሮ በአገሩ ቋንቋ ጽፎ ይምጣ። እንዲህ ያለ ጽሑፍ በየዓመቱ ቢጠራቀም፣ «የማስተማሪያ መጽሐፍ የለም» የሚለው ምክንያት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይቀራል።

መምህሮቻችን ሆይ፤ ተማሪ ሲጠይቅ ማስተማር ልማዳችሁ ነው። ዛሬ ጠይቀናል። ጓደኞቻችን ሆይ፤ ይህ ለእኅቶቻችን የምንውለው ውለታ አይደለም። ነገ የምናረቅቀው ሕግ፣ የምናክመው በሽተኛ፣ የምናስተምረው ገበሬ አለ። ግማሹን ሕዝብ ሳያውቁ መመረቅ በግማሽ መመረቅ ነው።

«የወንዶች ጥናትስ?» ላለው ወንድማችንም መልስ አለን። ጥያቄው ከሳቁ ይሻላል። በዚህ ትምህርት የወንዱም ነገር ይጠናል፤ ዐሥር ዓመት ሳይሞላው «ወንድ ልጅ አያለቅስም» የተባለው፣ ለጥሎሽና ለድግስ ሲል ዕዳ የገባው፣ ልጁን ማቀፍ እንዳያፍርበት ያስተማረው ያጣው ወንድ ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። እንግዲህ ይምጣና ይመዝገብ፤ ከፊተኛው ረድፍ ቦታ እንይዝለታለን።

በዚያ ምሽት ሳይነበብ የቀረው የእኅታችን ጽሑፍ በሚቀጥለው ቁጥር፣ በዚህ በርእሰ አንቀጹ ስፍራ፣ በስሟ ሙሉውን ይወጣል። የሚተይበውም ከስድስታችን አንዱ ነው።